ዳኛው በልጃችን ላይ ሲፈርድ



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሶፍትቦል ነው። «ይህ ደግሞ ከእምነት ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች የጸደይን ምሽቶች የሚያሳልፉት በትምህርት ቤት ሜዳ ዳር ነው። እሁድ በአምልኮ እጁን ያነሣ ሰው ማክሰኞ ማታ በዚያ ሜዳ አጥር ላይ ተደግፎ ዳኛ ሲሳደብ ይሰማል። በልባችን የተደበቀው ብዙ ጊዜ የሚወጣው በጸሎት ቤት ሳይሆን እንዲህ ባለ ቦታ፣ የምንወዳት ልጅ ተበደለች ብለን ባሰብን ሰዓት ነው። ስለዚህ ነገሩ ትንሽ አይደለም።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ እህት ናት ማለት ይቻላል፤ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሴቶች ልጆች ጨዋታ ሆና ትታወቃለች። ወርዋሪዋ፣ ፒቸር የሚሏት፣ ክንዷን ሙሉ ክብ አዙራ ኳሷን ከታች፣ ከዳሌዋ አጠገብ ትለቃለች። ከመወርወሪያው ሰሌዳ እስከ መቺዋ ያለው ርቀት 43 ጫማ፣ ማለትም 13 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 60 ማይል፣ ወደ 97 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት የምትወረውር ልጅ ኳሷ መቺዋ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። መቺዋ ለማየት፣ ለመወሰንና ዱላዋን ለማንሣት ያላት ጊዜ ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ ያለችው ቡድን ጨዋታውን ግማሽ አሸንፎ ወደ ሜዳ ይገባል። በሰባት ኢኒንግ ውስጥ የሚያስፈልጉት አውቶች 21 ናቸው፤ ከእነዚያ አብዛኞቹን አንዲት ጎበዝ ወርዋሪ በራሷ ክንድ ልታመጣ ትችላለች።

ክርክሩ የሚነሣውም ከዚሁ ነው። ዳኞቹ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ነገር ማየት አለባቸው። አንደኛው ኳሷ 43 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሆም ፕሌት ላይ፣ ከመቺዋ ጉልበት በላይና ከብብቷ በታች ማለፏን ነው። ሁለተኛው የወርዋሪዋ እግር ነው። ወርዋሪዋ ከሰሌዳው ከተነሣች በኋላ እግሯን ወደ ፊት ሌላ ቦታ ላይ ተክላ እንደገና ገፍታ መወርወር አይፈቀድላትም፤ እንዲህ ብታደርግ ርቀቱን አሳጥራ ያልተገባ ጥቅም ታገኛለች። ዳኛው ጥፋት ካየ ግራ ክንዱን ወደ ጎን ይዘረጋና ጡጫውን ይጨብጣል። ያ የተዘረጋ ክንድ ነው አጥሩን የሚያናውጠው።

በተጋጣሚው ወገን የተቀመጡት ልጆቻቸው አንድ በአንድ ሳይመቱ ሲመለሱ አይተዋል። አምስተኛው ኢኒንግ ሲደርስ ኳሷን የሚያይ የለም፤ ሁሉም የሚያየው እግሯን ነው። «ዘለለች! እግሯን ተመልከት!» የሚል ጩኸት ይነሣል። ጎበዝ ስለሆነች ብቻ ያጭበረበረች ይመስላቸዋል። በልጅቷ ወገን የተቀመጡት ደግሞ ዳኛው ክንዱን በዘረጋ ቁጥር ሌላ ታሪክ ይሠራሉ። «ለእነርሱ ያደላል»፣ «ልጃችን ማሸነፏ አልተዋጠለትም» ይላሉ። ሁለቱም ወገን ግን እግሯን በትክክል አላየም። እያንዳንዱ ያየው ሊያይ የፈለገውን ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ 18፥17 አስቀድሞ የተናገረ ሰው ጻድቅ እንደሚመስል፣ ሌላው መጥቶ ሲመረምረው ግን ነገሩ እንደሚገለጥ ያስተምረናል። አጥሩ ላይ የሚጮኸው ሰው ሁልጊዜ አስቀድሞ ተናጋሪ ነው። የሚመረምረው ደግሞ ከእርሱ ራቅ ብሎ፣ ለማንም ወላጅ ሳይሆን የቆመው ዳኛ ነው።

ለብርቱም ለደካማም አለማድላት

በዘሌዋውያን 19፥15 እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሰጠውን የፍርድ መመሪያ ስናነብ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ለታላቁ ሰው ማድላትን ብቻ ሳይሆን ለድሃው ማድላትንም ይከለክላል። ሁለቱ ፈተናዎች በየሜዳው አሉ። ለብርቱዋ ወርዋሪ የሚያደላው ወገን «እንዲህ ያለችን ልጅ በትንሽ ነገር ማቆም ጨዋታውን ማበላሸት ነው» ይላል። ለደካማው ቡድን የሚያደላው ደግሞ «ትንሽ ቢጠራባት ምን አለበት? ለማንኛውም ታሸንፋለች» ይላል። እንደ ቃሉ ከሆነ ሁለቱም ፍርድን ያጣምማሉ። ብርታት ጥፋትን አይሸፍንም፤ ብርታት በራሱም ጥፋት አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። እስከ እ.ኤ.አ. 2024 የውድድር ዘመን ድረስ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደንብ መሠረት ወርዋሪዋ ስትወረውር ሁለቱም እግሮቿ ከመሬት ከተነሡ ጥፋት ነበር። ከ2025 ጀምሮ ግን ደንቡ ተለወጠ፤ ከመሬት መነሣቷ ብቻውን ጥፋት መሆኑ ቀረ። እግርን ዳግመኛ ተክሎ መግፋት ግን አሁንም አልተፈቀደም። እንግዲህ በ2024 ክንዱን የዘረጋው ዳኛ ዛሬ የሚፈቀደውን እንቅስቃሴ ነበር ጥፋት ያለው። ታዲያ በድሎ ነበርን? አልበደለም። በእጁ የነበረው ደንብ ያ ነበር። ዳኛ የደንቡ ጌታ ሳይሆን ከደንቡ በታች የቆመ ሰው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 የሚወዳደር ሰው በደንቡ ካልተወዳደረ አክሊል እንደማያገኝ ሲጽፍ፣ ችሎታ ደንብን እንደማይተካ እያሳሰበን ነው።

ስለዚህ ልጇ ጥፋት የተጠራባት እናት ወይም አባት የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ጠላን?» መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ጥያቄ «እውነት ነውን?» ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ የልጃችሁን እግር ቅረጹ። ቀረጻው ግን በፌስቡክና በቲክቶክ ዳኛውን ለማዋረድ አይሁን። ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ ልብ ሲበርድ፣ ከእርሷና ከአሰልጣኟ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። ዳኛው ልክ ከነበረ ልጅቷ ስህተቷን አውቃ ታስተካክላለች፤ ተሳስቶ ከነበረም እውነቱን አውቃ በሰላም ትተኛለች። በጭፍን የሚከላከልላት ወላጅ ግን ሁለቱንም ይነፍጋታል። ልጅን መውደድ ማለት ጥፋቷን ከእርሷ መደበቅ ማለት አይደለም።

ፍርዱ በእርግጥ ሲሳሳት

«ዳኛው በእርግጥ የተሳሳተ እንደሆነስ?» ትሉን ይሆናል። ይሳሳታል፤ ያውም ምርጡ ዳኛ። ከሶፍትቦል ታላቅ ወንድም ከቤዝቦል አንድ ታሪክ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2010 በዲትሮይት ከተማ አርማንዶ ጋላራጋ የተባለ ወርዋሪ በክሊቭላንድ ቡድን ላይ 26 መቺዎችን በተከታታይ አንዳቸውም ቤዝ ሳይረግጡ መለሰ። አንድ ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር። ያን ቢጨርስ «ፍጹም ጨዋታ» ይባልለት ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በሜጀር ሊጉ ከ130 ዓመታት በላይ በሆነ ታሪክ ይህ የተፈጸመው 20 ጊዜ ብቻ ነው። 27ኛው መቺ ኳሱን መሬት ለመሬት መታው፤ ኳሱ ተይዞ ወደ አንደኛው ቤዝ ተወረወረ፤ ጋላራጋ ራሱ ሮጦ ተቀበለውና ቤዙን ረገጠ። ሯጩ ገና አልደረሰም ነበር። ዳኛው ጂም ጆይስ ግን ሯጩ ቀድሟል ብሎ ፈረደ።

ጋላራጋ ምን አደረገ? ፈገግ አለ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ወደ መወርወሪያው ተመልሶ የሚቀጥለውን መቺ አወጣና ጨዋታውን ጨረሰ። ዳኛው ከጨዋታው በኋላ ምስሉን ባየ ጊዜ መሳሳቱን አወቀ፤ ሰበብ አልደረደረም። ጋላራጋን አስጠርቶ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀው፤ ጋላራጋም አቀፈው። በማግስቱ ጆይስ ከሆም ፕሌት ጀርባ ለመዳኘት ተመድቦ ነበር። ቀኑን እረፍት መውሰድ እንደሚችል ቢነገረውም ሥራውን መረጠ። የዲትሮይትን የተሰላፊዎች ዝርዝር ይዞ ወደ እርሱ የመጣው ራሱ ጋላራጋ ነበር፤ ጆይስ በሕዝብ ፊት እንባውን ጠረገ። የሊጉ ኃላፊ ፍርዱን አልለወጠም፤ በመዝገብ ላይ ያ ጨዋታ እስከ ዛሬ ፍጹም ጨዋታ ተብሎ አልተጻፈም።

ይህን ስንተርክ ጋላራጋን የእምነት አባት ልናደርገው አይደለም። ነገር ግን አንድ እውነት ያሳየናል። መበደል አንድ ነገር ነው፤ በበደሉ መሸነፍ ሌላ ነገር ነው። ዳኛው ከጋላራጋ ላይ አንድ መዝገብ ወሰደ፤ ባሕርዩን ግን ሊወስድበት አልቻለም። ሰዎች ያን ቀን ዛሬም የሚያስታውሱት ከጎደለው ነገር ይልቅ በሁለት ሰዎች መካከል ስለሆነው ነገር ነው።

ዝም ማለት ሁልጊዜ ቅድስና ነውን?

አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በእኛ ዘንድ «ለጌታ ተወው» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ፍርሃትን የምንሸፍንበት ልብስ ይሆናል። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ በታሰረ ጊዜ፣ ሹማምንቱ በስውር ሊለቁት ሲፈልጉ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ (የሐዋርያት ሥራ 16፥37)። በኋላም ጉዳዩ በቄሣር ፊት እንዲታይ ይግባኝ አለ (25፥11)። አልተሳደበም፤ ግን መብቱን በሥርዓት ጠየቀ።

በሜዳም ላይ ሥርዓት አለ። ኳሷ ስትራይክ ናት ወይስ ቦል፣ ሯጯ ቀድማለች ወይስ አልቀደመችም የሚለው የዳኛው የዓይን ፍርድ ነው፤ በዚህ ላይ ይግባኝ የለም። ዳኛው ደንቡን አሳስቶ ከተረጎመ ግን አሰልጣኙ ጨዋታውን አስቁሞ ቀርቦ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ የአሰልጣኙ ድርሻ ነው፤ የወላጅ አይደለም፤ የልጅቷም አይደለም። ተደጋጋሚ ችግር ካለ ጨዋታው ካለፈ በኋላ ለትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። ልጃችን በቆዳዋ ቀለም ወይም በስሟ ምክንያት ብትሰደብ ወይም ብትዋረድ ደግሞ ዝም ማለት አይገባንም፤ ያ ከስትራይክና ከቦል ጉዳይ ያለፈ ነውና በስሙ ጠርተን ለሚመለከተው ማሳወቅ አለብን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እውነትን በሥርዓት መናገር ፍትሕን ይፈልጋል፤ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ መጮህ ግን የሚፈልገው ቁጣን ማስተንፈስ ብቻ ነው። ያዕቆብ 1፥20 የሰው ቁጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ እንደማያመጣ የሚነግረን ለዚህ ነው።

የዚህ ጩኸት ዋጋ ደግሞ የሚከፈለው በሰው ነው። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ስፖርት የሚያስተባብረው ብሔራዊ ፌዴሬሽን፣ ከ2018–19 የትምህርት ዘመን ወዲህ በሦስት ዓመታት ገደማ ውስጥ 50,000 ያህል ዳኞች ሥራውን እንደ ተዉ አስታውቆ ነበር። ወረርሽኙ አንዱ ምክንያት ቢሆንም የወላጆችና የተመልካቾች ስድብ ከዋነኞቹ ምክንያቶች ተቆጥሯል። በኒው ጀርሲ ደትፎርድ በተባለች ከተማ ያለው የልጆች ቤዝቦል ሊግ በ2023 አንድ ደንብ አወጣ። ዳኛ የሚሳደብ ወላጅ ሦስት ጨዋታ ራሱ ቆሞ ካልዳኘ ወደ ሜዳው ተመልካች ሆኖ አይመለስም የሚል ነው። እኛ ይህን ደንብ ስናነብ ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ 7 ስለ ጉድፍና ስለ ምሰሶ ያስተማረው ትዝ አለን። በሌላው ቦታ ቆሞ ማየት የብዙ ሰው አፍ ይዘጋል። ያ ዳኛ ብዙ ጊዜ የቀን ሥራውን ጨርሶ የመጣ፣ ለትንሽ ክፍያ ሁለት ሰዓት በፀሐይ የሚቆም፣ ቤቱ ልጆች የሚጠብቁት ጎረቤታችን ነው። ጌታ እንደ ራሳችን እንድንወደው ያዘዘን እርሱን ነው።

ልጅቷ ወደ አጥሩ ስትዞር

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበን ልጅቷ ናት። አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቡድኑ በክንዷ ላይ ተደግፏል፤ ምናልባት የኮሌጅ ነጻ የትምህርት ዕድል ተስፋም በዚያው ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል። በአንድ በኩል «አጭበርባሪ» ስትባል ትሰማለች፤ በሌላ በኩል «አንቺን የሚያህል የለም» ስትባል ትሰማለች። ሁለቱም ለአንዲት ልጅ ከባድ ሸክም ናቸው። ዳኛው ክንዱን በዘረጋባት ቅጽበት ዞር ብላ የምታየው አንድ ፊት አለ፤ የእናቷን ወይም የአባቷን ፊት። በዚያ ፊት ላይ የምታነበው ነገር ከአሰልጣኟ ምክር በላይ ያስተምራታል።

ቁጣ ካነበበች ዋጋዋ በዚያ ፍርድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ትማራለች። ሰላም ካነበበች ግን ከዳኛው በላይ ሌላ ዳኛ እንዳለ ትማራለች። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 4 ላይ በሰው ሸንጎ መመርመር ለእርሱ እጅግ ትንሽ ነገር እንደሆነ፣ ራሱን በራሱ እንኳ እንደማይመረምር፣ የሚመረምረው ጌታ እንደሆነ ይናገራል። ይህ ግዴለሽነት አይደለም፤ ነጻነት ነው። ከሙገሳም ከሐሜትም ነጻ የሆነች ልጅ የሚቀጥለውን ኳስ በተረጋጋ እጅ ትወረውራለች። ብትሸነፍም ተሰብራ አትቀርም።

ያለ በደሉ የተፈረደበት

ወገኖች፣ በመጨረሻ ወደ መስቀሉ እንምጣ። በታሪክ ሁሉ እጅግ የተጣመመው ፍርድ በሜዳ ላይ የተሰጠ አይደለም። ጲላጦስ በኢየሱስ ላይ ጥፋት እንዳላገኘበት ሦስት ጊዜ ተናግሮ እንኳ ለስቅላት አሳልፎ ሰጠው (ሉቃስ 23፥22–25)። እርሱ ተሳስቶ አልፈረደም፤ እያወቀ ፈረደ። ጌታችን ግን ሲሰድቡት መልሶ አልተሳደበም፤ በእውነት ለሚፈርደው ለአባቱ ራሱን አሳልፎ ሰጠ፤ ጴጥሮስም ይህንን ፈለጉን እንድንከተል የተተወልን ምሳሌ ይለዋል (1ኛ ጴጥሮስ 2፥21–23)። እንግዲህ አጥሩ ዳር ሆነን የምንታገሰው ዳኛው ሁልጊዜ ልክ ስለሆነ አይደለም። የመጨረሻው ፍርድ በእርሱ እጅ ስላልሆነ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በሜዳ ላይ ሁላችንም ጥብቅ ፍትሕ እንፈልጋለን፤ እያንዳንዷ ኳስ በትክክል እንድትቆጠር፣ የተጋጣሚው ጥፋት አንድም እንዳያመልጥ እንሻለን። በእግዚአብሔር ፊት ግን በዚያ ሚዛን ቢቆጠርብን ማን ይቆማል? እኛ የቆምነው በጸጋ ነው። ይህ ማለት እግዚአብሔር ኃጢአታችንን እንዳላየ ዓይኑን ጨፍኖ አለፈ ማለት አይደለም። አይቶታል፤ ፈርዶበታል፤ ፍርዱን ግን ልጁ በመስቀል ላይ ተሸከመው። ስለዚህ እርሱ ጻድቅ ሆኖ ሳለ በኢየሱስ የሚያምነውንም ያጸድቃል (ሮሜ 3፥26)። ይህን ጌታ ገና ያላወቃችሁ፣ ነገር ግን እየፈለጋችሁት ያላችሁ ወዳጆቻችን ሆይ፣ በሕይወታችሁ የደረሰባችሁን የተጣመመ ፍርድ እርሱ ያውቀዋል። የእናንተንም ጥፋት ያውቀዋል። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፤ በእምነት ወደ ልጁ መምጣት።

እንዲህ ያለ ምሕረት የተቀበለ ሰው በሜዳ ዳር እንዴት ይቆማል? ለሳምንቱ ሦስት ነገር እንተውላችሁ። ጨዋታው ሳይጀመር ለልጃችሁ ብቻ ሳይሆን ለዳኛውም በስውር ጸልዩ፤ የጸለዩለትን ሰው መሳደብ ከባድ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ፣ በተለይ ፍርዱ ባልጣማችሁ ቀን፣ ሄዳችሁ «እናመሰግናለን» በሉት። በመኪና ወደ ቤት ስትመለሱ ደግሞ ስለ ዳኛው አታውሩ፤ ልጃችሁን ደስ ብሏት እንደተጫወተች ጠይቋት፤ በሽንፈትም በድልም እንደምትወዷት ንገሯት።

ጌታ ሆይ፣ አንተ በእውነት የምትፈርድ አምላክ ነህ። እውነትን ያለ አድልዎ የምናይበት ዓይን፣ በሥርዓት የምንናገርበት ድፍረት፣ ሲፈረድብንም የምንታገስበት ጸጋ ስጠን። ልጆቻችን በፊታችን ላይ ያንተን ሰላም ያንብቡ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።